የጣት አሻራ ምስክርነት፤ ከቀለም ንጣፍ እስከ ኮምፒዩተር

መግቢያ

ስም ይለወጣል፤ ፊርማ ይመሰላል፤ መልክም ከዕድሜ ጋር ይጠወልጋል። ሰው ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ በጣቶቹ ጫፍ ላይ የተነደፉት ሸንተረሮች ግን ሥጋው እስኪፈርስ ድረስ ሥርዓታቸውን ሳይለቁ ይኖራሉ። ፊደል የመቁጠር ዕድል ያላገኘው ወገናችን ብድር ሲበደር፣ ውል ሲዋዋል፣ ለዘመዱ ዋስ ሲሆን አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ በወረቀት ላይ ሲያሳርፍ የኖረውም ስለዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ ሕግ አውጪው ይህን ምልክት ብቻውን አላመነውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 እንደሚደነግገው፣ ዓይነ ስውር የሆነ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያደረገው የጣት ምልክት፣ በሥራው ላይ ያለ አዋዋይ፣ መዝጋቢ ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው በቀር ባለቤቱን አያስገድደውም። ድንጋጌው ጠባቂ ነው። ጣቱ ቢታተምም፣ ጣቱ የማን እንደሆነና በምን ላይ እንዳረፈ የሚመሰክር ሦስተኛ ሰው ሊኖር ይገባል ማለት ነው።

ዛሬ በዚህ ሦስተኛ ሰው ቦታ መሣሪያ እየተተካ ነው። በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 በተቋቋመው የፋይዳ መታወቂያ አሠራር የተመዝጋቢው አሥር ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱ ዓይኖቹ ብሌንና የፊቱ ምስል ይወሰዳሉ። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጠው ኮምፒዩተር ይሆናል። እንግዲህ ከሙያችን አንጻር መነሣት ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፤ ይህ አዲስ ምስክር ጣትን ሲመለከት የሚያየው ምንድን ነው? ቃሉስ እስከ ምን ድረስ ይታመናል?

ለጥያቄው መልስ ለማግኘት ወደ ታሪኩ መመለስ ግድ ይላል። የአሻራ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በነጥብ ቆጠራ በኩል ነው። ከእርሱ ጎን ለጎን የሄደ፣ ያነሰ የተነገረለት ሌላ መንገድ አለ፤ ይኸውም የምስሉን ገጽ በሙሉ እንደ ጨርቅ ሽመና የማንበብ መንገድ ነው። ይህ ጽሑፍ በተለይ በዚህ በሁለተኛው ላይ ያተኩራል። የኢትዮጵያን ሕጎች ከሚመለከቱት በቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ከቀለም ንጣፍ እስከ መዝገብ ቤት

የጣት ሸንተረሮችን በሣይንሳዊ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፋፍሎ ያቀረበው የቼክ ተወላጁ ሐኪም ያን ፑርኪንዬ ነው። በ1823 በብሬስላው ባቀረበው ጽሑፍ ዘጠኝ ዓይነት የአሻራ ቅርጾችን ዘርዝሯል። ነገር ግን ዓላማው የአካልን አሠራር ማጥናት ስለነበረ፣ ቅርጾቹ ሰውን ከሰው ለመለየት ይረዳሉ የሚል ሐሳብ አላነሣም።

አሻራን ለአስተዳደር ሥራ ያዋለው በህንድ አገር በቤንጋል ሁግሊ አውራጃ ሹም የነበረው እንግሊዛዊ ዊልያም ሄርሼል ነው። ሄርሼል በ1858 ለመንገድ ሥራ ጠጠር ሊያቀርብ የተዋዋለውን ራጅያዳር ኮናይ የተባለ ሰው መላ የእጁን መዳፍ በውሉ ላይ አሳተመው። በመጀመሪያ ያሰበው ማንነትን መለየት አልነበረም፤ ሰውየው ኋላ «ፊርማው የእኔ አይደለም» ብሎ እንዳይክድ ማስፈራት ነበር። ቀጥሎ ግን ለብዙ ዓመታት አሻራ እየሰበሰበ ሲያስተያይ ሸንተረሮቹ በዕድሜ እንደማይለወጡ ተገነዘበ። በዚሁ ዘመን በጃፓን አገር በቶኪዮ ይሠራ የነበረው ስኮትላንዳዊው ሐኪም ሄንሪ ፎልድስ፣ በጥንታዊ የሸክላ ስባሪዎች ላይ የቀረ የጣት ምልክት ትኩረቱን ስቦት ምርምር ጀመረ። በጥቅምት ወር 1880 ኔቸር በተባለው የሣይንስ መጽሔት ባሳተመው ደብዳቤም በወንጀል ስፍራ የተገኘ አሻራ ወንጀለኛውን ሊያሳውቅ እንደሚችል ገለጸ።

ጉዳዩን በሒሳብ ያጠናከረው ፍራንሲስ ጎልተን ሲሆን የጣት አሻራን የሚመለከተው መጽሐፉ በ1892 ታትሟል። በዚያው ዓመት በአርጀንቲና በኔኮቼያ ከተማ ሁለት ሕፃናት ተገድለው ተገኙ። እናታቸው ወንጀሉን በአንድ የምታውቀው ሰው ላይ አላከከች። ሆኖም ሁዋን ቩሴቲች ባስፋፋው ዘዴ መሠረት በበሩ መቃን ላይ የቀረው ደም የነካው የአውራ ጣት ምልክት የእናቲቱ የራሷ መሆኑ ተረጋገጠ። ስለዚህ የአሻራ ምስክርነት ገና በጅምሩ አንድ ንጹሕ ሰው ከሞት ወይም ከእስራት አድኗል።

አሻራ መሰብሰብ ቀላል ነው፤ ከብዙ ሺህ ወረቀቶች መካከል ተፈላጊውን ማግኘት ግን ከባድ ነው። ይህን ችግር በቤንጋል የፖሊስ ዋና ኢንስፔክተር የነበረው ኤድዋርድ ሄንሪ ከሁለት ህንዳውያን ረዳቶቹ ከአዚዙል ሐቅና ከሄም ቻንድራ ቦዝ ጋር ሆኖ ፈታው። በአሥሩ ጣቶች ላይ ሽክርክሪት መኖር አለመኖሩን በመቁጠር መዝገቡ በ1,024 መደቦች እንዲከፈል አደረጉ። የሒሳቡን ሥራ በአብዛኛው የሠሩት ሁለቱ ረዳቶች ቢሆኑም ዘዴው የተጠራው በአለቃቸው ስም ነው። በ1897 በካልካታ፣ በ1901 ደግሞ በለንደን ስኮትላንድ ያርድ የአሻራ መዝገብ ቤት ተቋቋመ።

ሁለቱ አነባበቦች

እዚህ ላይ ቆም ብሎ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ሄንሪና ረዳቶቹ ወረቀቶቹን የመደቡት በቅርጹ አጠቃላይ መልክ ማለትም በቅስት፣ በቀለበትና በሽክርክሪት ነው። በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ሸንተረሩ የሚያልቅበትና ለሁለት የሚገነጠልበት ጥቃቅን ነጥብ።

በአገራችን ምሳሌ እንየው። በአንድ ሸማ ላይ የባለቤትነት ክርክር ተነሥቶ ሁለት ሽማግሌዎች ተመረጡ እንበል። አንደኛው ሸማውን ዘርግቶ ክሩ የተበጠሰበትን፣ ቋጠሮ ያለበትን ቦታ አንድ በአንድ እየለቀመ ይቆጥራል። ሁለተኛው ከራቅ ብሎ የድሩንና የማጉን ጥብቀት፣ የክሩን ውፍረት፣ የጥለቱን አጣጣልና መታጠፊያውን ይመለከታል፤ ይህም የእገሌ ሸማኔ እጅ ነው ይላል። ሁለቱም ዳኞች ናቸው፤ የሚያዩት ግን ለየቅል ነው። የመጀመሪያው የነጥብ ቆጠራ ነው። ሁለተኛው በምስል ጥናት ሙያ ቴክስቸር የሚባለውን ማለትም ጨለማና ብርሃን በአንድ ገጽ ላይ የሚደጋገሙበትን ሥርዓት ማንበብ ነው።

ጎልተን ሳያስበው የሁለቱን ልዩነት በሙከራ አሳይቶ ነበር። በተጎላ የአሻራ ሥዕል ላይ የካሬ ቅርጽ ያላቸውን ወረቀቶች እየጣለ፣ የተሸፈነውን ክፍል በዙሪያው ከሚታየው ተነሥቶ ለመገመት ሞከረ። የካሬው ጎን ስድስት ሸንተረር ያህል ሲሆን ግምቱ በግማሽ ያህሉ ጊዜ ትክክል ሊሆን እንደሚችል ቆጠረ። አሻራውን በ24 እንዲህ ባሉ ካሬዎች ከፍሎና ሌሎች ሁለት ሁኔታዎችን ጨምሮ፣ የሁለት ጣቶች አሻራ አንድ የመሆኑ ዕድል ከ64 ሺህ ሚሊዮን አንድ ነው ሲል አሰላ። የቁጥሩ ትክክለኛነት ኋላ ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ሙከራው ያስተማረው ግን ጸንቶ ኖሯል፤ ከዙሪያው ተነሥቶ የሚገመተው ሥርዓት ቴክስቸር ነው፤ ከግምት የሚያመልጠው ደግሞ ነጥቡ ነው።

ፍርድ ቤቶች ወደ ነጥቡ ያዘነበሉት በዚህ ምክንያት ይመስላል። ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካር በ1914 ከ12 ነጥብ በላይ ሲገጥምና አሻራው የጠራ ሲሆን ጥርጣሬ እንደማይኖር ጻፈ። በእንግሊዝ አገርም እስከ 2001 ድረስ ለማስረጃነት 16 ነጥብ ይጠየቅ ነበር። ነጥብ ይቆጠራል፤ የተቆጠረም ለዳኛ ይነገራል። የገጽን አጠቃላይ መልክ ግን ባለሙያው ያየዋል እንጂ በቃል ለማስረዳት ይቸገራል። ይህን ችግር የፈታው ቋንቋ የተገኘው ከብዙ ዓመታት በኋላ ከኮምፒዩተር ጋር ነው።

ኮምፒዩተሩ ወደ መዝገብ ቤት ሲገባ

የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ በ1924 የማንነት መለያ ክፍሉን ሲያቋቁም ከ800 ሺህ በላይ የአሻራ ካርዶች ነበሩት። በ1946 ካርዶቹ 100 ሚሊዮን ደረሱ። ይህን ሁሉ ሠራተኞች በእጅና በአጉሊ መነጽር ይሠሩት ነበር።

በ1963 በሂዩዝ የምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ሚቸል ትራውሪንግ የጣት ሸንተረሮችን በመሣሪያ ስለማስተያየት በኔቸር መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በዚያው ዐሥር ዓመት ውስጥ ቢሮው ለአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት ጥያቄ አቀረበ። ሬይመንድ ሙርና ጆሴፍ ዌግስታይን ሥራውን ያዙ። የዌግስታይን ዘዴ የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታና የሸንተረሩን አቅጣጫ በቁጥር መዝግቦ የነጥቦቹን ስብስብ ከሌላ ስብስብ ጋር ያስተያያል። በ1970ዎቹ አሻራ የሚያነቡ መሣሪያዎች በቢሮው ውስጥ ሥራ ጀመሩ። በጃፓን የኤንኢሲ ኩባንያ በነጥቦች መካከል ያሉትን ሸንተረሮች ብዛት ጭምር የሚቆጥር ዘዴ አዳበረ። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ፖሊስም በ1984 በዚሁ መሣሪያ መሥራት ጀመረ።

መሣሪያው ነጥብን የመረጠው ነጥብ ከገጽ ይበልጣል ተብሎ ብቻ አልነበረም። የኤኮኖሚ ምክንያትም ነበረ። በዚያን ጊዜ የኮምፒዩተር ማኅደር እጅግ ውድ ስለነበረ የአሻራውን ምስል በሙሉ ማስቀመጥ የማይታሰብ ነበር፤ የነጥቦች ዝርዝር ግን ጥቂት ቦታ ይበቃዋል። የአንድ ሰው አሥር ጣቶች ካርድ በኢንች 500 ነጥበ ምስል ማለትም 500 ፒክስል ሲነሣ 10 ሚሊዮን ባይት ያህል ይፈጃል። ምስሎቹን ማስቀመጥ የተቻለው በ1993 ዌቭሌት በተባለው ሒሳብ ላይ የተመሠረተ፣ ምስሉን ወደ አሥራ አምስተኛ እጁ የሚያሳንስ ደረጃ ከወጣ በኋላ ነው። የቢሮው የተዋሐደ የኮምፒዩተር መዝገብ በ1999 ሥራ ጀመረ።

የነጥብ ዘዴ አንድ ደካማ ጎን ነበረው። ጣቱ ሲደርቅ ሸንተረሩ ይቆራረጣል፤ ሲረጥብ ሁለቱ ሸንተረሮች ይጣበቃሉ፤ ጠባሳ ሲኖርበት ደግሞ ሸንተረሩ ባላለቀበት ያለቀ ይመስላል። ኮምፒዩተሩ እነዚህን ሁሉ እውነተኛ ነጥቦች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የሰው ባለሙያ ግን በዚህ ብዙም አይሳሳትም ነበር፤ ምክንያቱም ዓይኑ የዙሪያውን ፍሰት አይቶ ክፍተቱን ይሞላዋል። እንግዲህ መሣሪያው የጎደለው ይህ ሁለተኛው ዓይን ነበር።

የገጽ ንባብ ሣይንስ

የቴክስቸር ጥናት ከአሻራ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው ያደገ ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ፊል ብሮዳትስ በ1966 ለሠዓሊዎችና ለነዳፊዎች ብሎ የጨርቅ፣ የእንጨት፣ የአሸዋ፣ የቆዳና የመሳሰሉትን 112 ፎቶግራፎች በመጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ኋላ የምስል ተመራማሪዎች ሁሉ መሞከሪያ ሆነ። በ1973 ሮበርት ሃራሊክና ሁለት ባልደረቦቹ የአየር ፎቶግራፍን፣ የሳተላይት ምስልንና የአሸዋ ድንጋይን ለመለየት የሚያገለግሉ 14 የቴክስቸር መለኪያዎችን አቀረቡ።

የሃራሊክ ሐሳብ በጣም ቀላል ነው። በምስሉ ላይ በተወሰነ አቅጣጫና ርቀት የሚገኙ ሁለት ፒክስሎች ይመረጡና «ይህ ጨለማ ሲሆን ያኛው ምን ይሆናል?» ተብሎ በመላው ምስል ላይ ይቆጠራል። ቆጠራው በሠንጠረዥ ይሰፍራል። ምስሉ ከነጭ እስከ ጥቁር በስምንት ደረጃ ቢከፈል ሠንጠረዡ 64 ሣጥኖች ይኖሩታል። በአሻራ ላይ ብንሞክረው ውጤቱን አስቀድመን መናገር እንችላለን። በኢንች 500 ፒክስል በተነሣ ምስል ከአንዱ ሸንተረር እስከ ሌላው ያለው ርቀት 10 ፒክስል ማለትም ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሸንተረሩን አቋርጠን በ5 ፒክስል ርቀት ስናይ ጨለማው ከብርሃን ጋር ይጣመራል፤ በ10 ፒክስል ስናይ ጨለማው ከጨለማ ጋር ይገጥማል። ሸንተረሩን ተከትለን ስንሄድ ደግሞ በየትኛውም ርቀት ጨለማ ከጨለማ ጋር ይውላል። ከሠንጠረዡም የንፅፅር፣ የመመሳሰልና የትስስር መጠኖች ተሰልተው ገጹ በጥቂት ቁጥሮች ይገለጻል።

ሁለተኛው ምንጭ የዴኒስ ጋቦር ሥራ ነው። በሀንጋሪ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር የሠራው ጋቦር፣ ሆሎግራፊን በመፍጠሩ በ1971 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሊቅ ነው። እርሱ በ1946 ባሳተመው የመገናኛ ጥናት አንድ ድምፅ መቼ እንደተሰማና ምን ያህል ድግግሞሽ እንዳለው በአንድነት የሚገልጽ የሒሳብ ቅንጣት አቀረበ። ጆን ዶግማን በ1980ዎቹ ይህን ከድምፅ ወደ ምስል አስፋፋው። በዚህ መልኩ የተሠራው ማጣሪያ እንደ ወንፊት ነው። በአንድ አቅጣጫ የተሰመሩና በአንድ ጥብቀት የሚደጋገሙ መስመሮችን ያሳልፋል፤ ሌላውን ያስቀራል። ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል በእንስሳት አንጎል ውስጥ ለመስመር አቅጣጫ የሚነቁ ሕዋሳትን በማግኘታቸው በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል፤ የጋቦር ማጣሪያም የእነዚህን ሕዋሳት ጠባይ በቅርብ የሚመስል ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የሽማግሌው «ራቅ ብሎ ማየት» በሒሳብ ቋንቋ ተጻፈ ማለት ይቻላል።

ማጣሪያው ወደ አሻራ ሥራ የገባው በአገልጋይነት ነው። በ1998 ሊን ሆንግ፣ ይፌይ ዋንና አኒል ጄን በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በየቦታው ያለውን የሸንተረር አቅጣጫና ጥብቀት ለክተው፣ ከዚያ ጋር በተስማማ የጋቦር ማጣሪያ የተበላሸ አሻራን የማጥራት ዘዴ አሳተሙ። የተቆረጠው ይቀጠላል፤ የተጣበቀው ይለያል። ነጥብ ቆጣሪው ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

የጣት ኮድ

ቴክስቸር ከአገልጋይነት ወጥቶ ራሱን የቻለ ምስክር የሆነው በ2000 ነው። አኒል ጄን፣ ሳሊል ፕራባካር፣ ሊን ሆንግና ሻራት ፓንካንቲ በዚያ ዓመት የጣት ኮድ ብለው የሰየሙትን ዘዴ አቀረቡ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የአሻራው እምብርት ማለትም ሸንተረሮቹ አብዝተው የሚታጠፉበት ቦታ ይፈለጋል። በእምብርቱ ዙሪያ አምስት ቀለበቶች ይሰመራሉ፤ እያንዳንዱ ቀለበት በ16 ይከፈላል። በዚህም 80 ክፍልፋዮች ይገኛሉ። የእያንዳንዱ ክፍልፋይ ድምቀት ከተስተካከለ በኋላ ምስሉ በስምንት አቅጣጫ በተዘጋጁ የጋቦር ማጣሪያዎች ያልፋል። ማጣሪያዎቹ ከ0 ዲግሪ ጀምሮ በየ22.5 ዲግሪው የዞሩ ናቸው። ከዚያም በእያንዳንዱ ክፍልፋይ ውስጥ ብርሃኑ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ይለካል። በአንድ ክፍልፋይ ውስጥ ሸንተረሮቹ ከማጣሪያው አቅጣጫ ጋር ከተስማሙ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ካልተስማሙ ዝቅ ይላል። 80 ክፍልፋይ በስምንት አቅጣጫ ሲባዛ 640 ቁጥሮች ይሆናሉ። ጣቱ የተወከለው በእነዚህ ነው።

የዘዴው ውበት በማስተያየቱ ላይ ነው። የነጥቦች ዝርዝር ርዝመቱ ከጣት ጣት ስለሚለያይ የትኛው ነጥብ ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር መፈለግ ያደክማል። የጣት ኮድ ግን ምንጊዜም 640 ቁጥር ነው። አንዱን ቁጥር ከጓደኛው መቀነስ፣ ልዩነቱን በራሱ ማባዛት፣ መደመር፣ የድምሩን ካሬ ሥር ማውጣት ብቻ ይበቃል። ጣቱ ዘወር ብሎ ቢታተም ቁጥሮቹን በዙር ማሽከርከር ይቻላል።

ተመራማሪዎቹ ስለ ውጤቱ የሰጡት ቃል ቁጥብ ነው። በስሕተት የመቀበል መጠኑ እጅግ ዝቅተኛ እንዲሆን በማይጠየቅበት ሥራ የጣት ኮድ በጊዜው ከነበረው ጥሩ የነጥብ ዘዴ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ጥብቅነት በሚጠየቅበት ቦታ ግን ነጥቡ በለጠ። የሁለቱ ፍርድ ሲጣመር ውጤቱ ከየብቻቸው የላቀ ሆነ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አብረው ሲቀመጡ ፍርዱ ይጠራል ማለት ነው።

ድክመቱም አልተሸሸገም። ሁሉ ነገር በእምብርቱ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ እምብርቱ ከተሳተ 640ው ቁጥር ሁሉ አብሮ ይስታል። ቅስት ዓይነት አሻራ ደግሞ የጎላ እምብርት የለውም። ከዚህም በላይ መሣሪያዎቹ እያነሱ መጡ። በጎን 300 ፒክስል የሆነ አንባቢ የሚያየው አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ካሬ ያህል ቆዳ ብቻ ስለሆነ እምብርቱ ከምስሉ ውጭ ሊቀር ይችላል፤ የሚገኙት ነጥቦችም ጥቂት ይሆናሉ። ለዚህ መፍትሔ አሩን ሮስና ባልደረቦቹ በ2001 እና በ2003 ባሳተሟቸው ጽሑፎች ነጥቦቹን ሁለቱን ምስሎች ለማገጣጠሚያ፣ ቴክስቸሩን ደግሞ ለማስተያያ የሚጠቀም ቅይጥ ዘዴ አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ በሃራሊክ ሠንጠረዥም ሆነ በሌሎች የገጽ መለኪያዎች የሚሠሩ በርካታ ዘዴዎች ተከትለዋል። በ2019 የቀረበውና ዲፕፕሪንት የተባለው ዘዴ ማጣሪያዎቹን ራሱ ከብዙ ምሳሌዎች ተምሮ ጣቱን በ200 ባይት ይወክላል። ርዝመቱ የማይለዋወጥ ኮድ የሚለው ሐሳብ ከ20 ዓመት በኋላ በአዲስ ልብስ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ምስክሩ ሲመረመር

ከላይ የተዘረዘሩት ዘዴዎች ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማሉ። መሣሪያው በመጨረሻ የሚሰጠው አንድ ቁጥር ነው፤ ይኸውም በሁለት ምስሎች መካከል ያለው ርቀት። «ይህ እገሌ ነው» የሚለው ቃል ከመሣሪያው አይወጣም። ርቀቱ ከዚህ ካነሰ ተቀበል፣ ከዚያ ከበለጠ መልስ የሚለውን ወሰን የሚያስቀምጠው ሰው ነው። ወሰኑ ሲላላ ሌላ ሰው በስሕተት ይገባል፤ ሲጠብቅ ባለቤቱ በስሕተት ይመለሳል። አንዱን ስሕተት የቀነሰ ሌላውን ያበዛል። ይህን በገለልተኝነት ለመለካት የቦሎኛ፣ የሚሺጋን ስቴትና የሳን ሆሴ ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች በ2000 ዓለም አቀፍ ውድድር አዘጋጅተው 11 ዘዴዎችን በአራት የምስል ስብስቦች ፈተኑ።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። «እኔ እገሌ ነኝ» ያለውን ሰው አሻራ ከራሱ መዝገብ ጋር ማስተያየት ማረጋገጥ ይባላል። ማንነቱ ያልታወቀን አሻራ በመላው መዝገብ ውስጥ ማሰስ ግን ፍለጋ ነው። በአንድ ማስተያየት በስሕተት የመቀበል ዕድሉ ከ10,000 አንድ የሆነ ዘዴ አለን እንበል። ለማረጋገጥ ጥሩ ነው። በዚሁ ዘዴ 1 ሚሊዮን ሰው ባለበት መዝገብ ብንፈልግ ግን 100 ያህል ባዕድ ሰዎች «ገጠሙ» ተብለው ሊወጡ ይችላሉ።

የዚህ አደጋ ምሳሌ በ2004 ታይቷል። በመጋቢት ወር በማድሪድ ባቡሮች ላይ በደረሰው ፍንዳታ ከ190 በላይ ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ፈንጂ ማቀጣጠያ በነበረበት ከረጢት ላይ የተገኘ አሻራ ወደ አሜሪካ ተላከ። ኮምፒዩተሩ ለናሙናው የሚቀርቡ 20 ሰዎችን ዝርዝር አወጣ። ባለሙያዎቹ ከዝርዝሩ መካከል በኦሬገን የሚኖር አንድ ጠበቃ ነው ብለው አረጋገጡ። ሰውየው ለሁለት ሳምንት ታሰረ። የስፔን ፖሊስ ግን አሻራው የሌላ የአልጄሪያ ዜጋ መሆኑን አስታወቀ። መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ 2 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ከፈለ። ኮምፒዩተሩ የተጠየቀውን ነው የመለሰው፤ ቅርብ የሆኑትን አቀረበ። ስሕተቱ መቅረብን እንደ መሆን ከመቁጠር የመጣ ነው። በኔኮቼያ ንጹሑን ያዳነው ዘዴ ከ112 ዓመት በኋላ ንጹሑን አሳሰረ።

አነስተኛ አንባቢዎች ከ2013 ወዲህ በስልኮች ላይ እየበዙ ሲመጡም አዲስ ጥያቄ ተነሣ። በ2017 የታተመ የኒው ዮርክና የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ጥናት፣ ቁራጭ አሻራ ብቻ በሚያነብ መሣሪያ ላይ ለብዙ ሰዎች የሚገጥሙ «ዋና አሻራዎች» ሊገኙ እንደሚችሉ አሳየ። የሚታየው ገጽ ባነሰ ቁጥር የሰው ልዩነቱም ያንሳል።

በሌላው ወገን ደግሞ በስሕተት የሚመለሰው ሰው አለ። በህንድ አገር አድሃር በተባለው የመታወቂያ አሠራር በእጃቸው ሥራ የሚያድሩ ሰዎችና አዛውንቶች ሸንተረራቸው ስለተፋቀ መሣሪያው አላውቃችሁም እያለ እንደመለሳቸው በብዙ ቦታ ተዘግቧል፤ ጉዳዩም በ2018 በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክርክር ላይ ተነሥቷል። ቴክስቸር ደብዛዛ አሻራን በማንበብ ከነጥብ የተሻለ ትዕግሥት ቢኖረውም፣ ጨርሶ የጠፋ ሸንተረርን ሊያነብ አይችልም። አፈር የሚቆፍር፣ ድንጋይ የሚፈልጥ፣ ሸክላ የሚሠራ እጅ ለበዛበት ለእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የአሻራ ኃይል በተቃራኒው የታየበት ስፍራም አለ። በአውሮፓ ከጥር 2003 ጀምሮ የጥገኝነት ጠያቂዎች አሻራ ዩሮዳክ በተባለ የጋራ መዝገብ ይያዛል፤ ስደተኛው መጀመሪያ ወደገባበት አገር የሚመለሰውም በዚሁ ማስረጃ ነው። ከአፍሪካ ቀንድ የተሰደዱም የሚገኙባቸው አንዳንድ ወጣቶች ከዚህ ለማምለጥ የጣታቸውን ጫፍ አቃጥለዋል። የገዛ ጣት በገዛ ባለቤቱ ላይ ሲመሰክር ሰው እስከዚህ ድረስ ይሄዳል።

ማጠቃለያ

ከፑርኪንዬ እስከ ዛሬ ሁለት መቶ ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተለወጠው የመመልከቻው መንገድ ነው እንጂ ጣቱ አይደለም። ነጥብ ቆጣሪውም ገጽ አንባቢውም የየራሳቸው ብርታትና ድካም እንዳላቸው አይተናል፤ ሁለቱ ሲደጋገፉ የተሻለ ምስክር እንደሚሆኑም ተረጋግጧል።

ለእኛ ለሙያው ባልደረቦች ከዚህ ታሪክ የሚቀሩ ሦስት ግዴታዎች አሉ። አንደኛ፣ መሣሪያ ሲገዛ ወይም ሲሠራ የስሕተቱ መጠን በሌላ አገር እጅ ላይ የተለካ ብቻ ሳይሆን በእኛው ገበሬ፣ በእኛው ሸማኔና በእኛው የቀን ሠራተኛ እጅ ላይ እንዲለካ መጠየቅ ነው። ሁለተኛ፣ ወሰኑ የት እንደተቀመጠና ማን እንዳስቀመጠው በጽሑፍ እንዲታወቅ ማድረግ ነው። ሦስተኛ፣ መሣሪያው አላውቅህም ላለው ሰው ሌላ የተከበረ በር ክፍት እንዲሆን መሟገት ነው፤ ዓይንና ፊት አብረው መመዝገባቸው ለዚህ መልካም መነሻ ነው።

የ1952ቱ ሕግ ያስቀመጠው አዋዋይ ከአሻራው ጀርባ ያለውን ሰው ያየው ነበር፤ ውሉን ያነብለታል፤ ይገባህ እንደሆነ ብሎ ይጠይቀዋል። ኮምፒዩተሩ ጣቱን ከአዋዋዩ እጅግ በተሻለ ያያል፤ ሰውየውን ግን አያየውም። የጎደለውን የመሙላት ኃላፊነት ያለው በመሣሪያው ሠሪና በተጠቃሚው ላይ ነው።